ከመካነ ሰላም የመጣች እንግዳ፣ አንድ ቀን በጎታ

ጀርመን አገር የሚኖር ወንድም፣ እህት ወይም የአክስት ልጅ ካለዎት ይህን ጽሑፍ ፎቶ አንስተው ይላኩላቸው። ነዋሪው እርስዎ ራስዎ ከሆኑ ደግሞ ረጋ ብለው ያንብቡት፤ ጉዳዩ የእርስዎ ነው።

አብሮ አደግዎ ከመካነ ሰላም መጣች እንበል። አንድ ወንበር ላይ ተቀምጣችሁ ፊደል የቆጠራችሁ፣ ዝናብ ሲመጣ በአንድ ነጠላ የተከናነባችሁ ናት። የግብዣውን ደብዳቤ የጻፉላት እርስዎ ነዎት። «ወጪዋን እችላለሁ» ብለው ጀርመን መሥሪያ ቤት ቀርበው የፈረሙትም እርስዎ ነዎት። እንዲህ ያለው የጉብኝት ቪዛ ቢበዛ 90 ቀን ነው፤ እሷ የመጣችው ግን ለሁለት ሳምንት ነው። እርስዎም ሥራ አለብዎት። ከጠዋት እስከ ማታ ከእሷ ጋር የሚውሉበት ቀን አንድ ብቻ ነው።

በዚህች አንድ ቀን ምን ያሳዩዋታል?

አብዛኞቻችን የምናደርገው ይታወቃል። እንግዳችንን ይዘን ወደ ትልቁ የገበያ መንገድ እንወጣለን፤ ከፎቆቹ ሥር ፎቶ እናነሳታለን፤ ድልድዩ ላይም እንደግማለን። ለልጆቿ ጫማ፣ ለእናቷ ሹራብ እንገዛለን። ማታ እግራችን አብጦ፣ ፌስታል ተሸክመን ቤት እንገባለን። ፎቶው ብዙ፣ ጨዋታው ጥቂት ነው። እንግዳዋ አገሯ ከገባች በኋላ በስልክ ስናወራ «እንዴ! ለመሆኑ እናትሽ ጉልበታቸው ተሻላቸው?» ብለን የምንጠይቀው ያን ጊዜ ነው። ሁለት ሳምንት ሙሉ አጠገባችን ነበረች፤ አልጠየቅናትም።

እኛ ሌላ ሐሳብ አለን። ያችን አንድ ቀን ጎታ ለምትባል ትንሽ ከተማ ይስጧት። ጎታ ማዕከላዊ ጀርመን ውስጥ፣ ቱሪንገን በሚባለው ክልል ትገኛለች። ከፍራንክፈርት በፈጣን ባቡር የሁለት ሰዓት ያህል መንገድ ናት፤ ከኤርፉርት ደግሞ ከግማሽ ሰዓት አይበልጥም። ለምን ጎታ? ከደቡብ ወሎ ደጋ የተነሳ አንድ ሰው ከ370 ዓመታት በፊት በዚያች ከተማ የጓደኛው እንግዳ ሆኖ ስለነበር ነው። የእርስዎ እንግዳ የመጀመሪያዋ አይደለችም።

የመካነ ሥላሴው ሰው

ሰውየው አባ ጎርጎርዮስ ይባላሉ። የተወለዱት እ.ኤ.አ. በ1595 ገደማ በመካነ ሥላሴ ነው። ስሟ ከመካነ ሰላም ጋር ቢመሳሰልም ሁለቱ የተለያዩ ናቸው። መካነ ሥላሴ በዛሬው ደቡብ ወሎ ውስጥ የነበረች ጥንታዊት ስፍራ ናት። አፄ ናዖድ አስጀምረው ልጃቸው አፄ ልብነ ድንግል ያስፈጸሙት፣ በጌጡ የታወቀ ቤተ ክርስቲያን ነበረባት፤ በ1531 በኢማም አህመድ ዘመቻ ጊዜ ተቃጠለ። አባ ጎርጎርዮስ የተወለዱት ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው።

በአፄ ፋሲል ዘመን የካቶሊክ ሚስዮናውያን ከአገር ሲባረሩ፣ ከእነሱ ጋር የተወዳጁት አባ ጎርጎርዮስም አገራቸውን ለቀው ወጡ። ከብዙ እንግልት በኋላ ሮም ገቡ። እዚያ ከቅዱስ ጴጥሮስ ቤተ ክርስቲያን ጀርባ ኢትዮጵያውያን መነኮሳትና ተሳላሚዎች የሚያርፉበት የቅዱስ እስጢፋኖስ ቤት ነበር። በ1649 አንድ የ25 ዓመት ጀርመናዊ የዚህን ቤት በር አንኳኳ። ስሙ ሂዮብ ሉዶልፍ ነው፤ በእኛ አጠራር ኢዮብ ማለት ነው። የኤርፉርት ልጅ ነበር። ግእዝን ያለ አስተማሪ ከመጻሕፍት ብቻ ለመማር ሲታገል ቆይቷል። አሁን ቋንቋውን የሚያውቅ ሰው አገኘ።

ሉዶልፍ ወደ አገሩ ተመልሶ በጎታው መስፍን በኧርንስት ቀዳማዊ ቤት ሥራ ያዘ። ጓደኛውን ግን አልረሳም። መስፍኑን አስፈቅዶ አባ ጎርጎርዮስን ጠራቸው። እሳቸውም በ1652፣ ዕድሜያቸው ወደ 57 ተጠግቶ ሳለ፣ የአልፕስን ተራራ አቋርጠው መጡ። ጥቂት ወራት ተቀመጡ። የጀርመን ክረምት ሳይጠና ወደ ጣሊያን ተመለሱ።

እንግዲህ የእርስዎን ቀን ከዚህ ታሪክ ጋር አብረን እንሂድበት።

ጠዋት፦ ባቡሩ ላይ

በእኛ አቆጣጠር ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ላይ ባቡር ይያዙ። ሰኞን ይተዉት፤ በጀርመን ብዙ ሙዚየሞች ሰኞ ዝግ ናቸው። እሑድ ደግሞ ሱቅ ሁሉ ይዘጋል፤ ለዚህ ቀን ግን እሑድ መልካም ነው፤ የሚገዛ ነገር ስለሌለ እግራችሁ አይባክንም።

ስለ ብርዱ ብዙ አይጨነቁ። ከደሴ ተነስቶ ጉጉፍቱን አልፎ፣ አቀስታን ተሻግሮ መካነ ሰላም የሚገባ ሰው ብርድ ምን እንደሆነ ያውቃል። የሚያስፈልጋት ጥሩ ጫማና አንድ ንፋስ የማያስገባ ካፖርት ነው። የእርስዎን ያውሷት፤ አዲስ አይግዙ።

ቦርሳዎ ውስጥ ዳቦ ቆሎ ይያዙ፤ በፔርሙዝ ሻይ ወይም ቡና ይጨምሩ። ይህን የምንለው ለቁጠባ ብቻ አይደለም። ባቡር ላይ የራስን ስንቅ ፈትቶ እየበሉ መሄድ የሁለት ሰዓቱን መንገድ የአገር ቤት ጉዞ ያስመስለዋል፤ ወሬውም በራሱ ይመጣል።

ባቡሩ አይዘናህ የሚባል ከተማ ላይ ሲደርስ ከኮረብታው ላይ ያለውን የዋርትቡርግ ምሽግ ያሳዩዋት። ማርቲን ሉተር በ1521 ተደብቆ አዲስ ኪዳንን ወደ ጀርመንኛ መተርጎም የጀመረው እዚያ ነው። የሙዚቃ ደራሲው ባኽም የተወለደው በዚህች ከተማ በ1685 ነው። «የእናንተ አገርስ?» ብለው ይጠይቋት ታዲያ። ከአራቱ የኢትዮጵያ ቅኝቶች ሁለቱ፣ ባቲና አምባሰል፣ ስማቸውን ያገኙት ከወሎ ነው። የትኛው ለሠርግ፣ የትኛው ለትካዜ እንደሚሆን እሷ ታስረዳዎታለች። ድምፅ ካላት ደግሞ ቀስ አድርጋ ታንጎራጉርልዎታለች።

ረፋድ፦ የሰላም በር

ከጎታ ባቡር ጣቢያ እስከ ቤተ መንግሥቱ በእግር ሩቅ አይደለም። ቤተ መንግሥቱ ፍሪደንስታይን ይባላል፤ ከከተማዋ ከፍ ብሎ ጉብታ ላይ ተቀምጧል። በሦስት ረጃጅም ክንፎች ሰፊ ግቢ አቅፎ የቆመ፣ ከዳርና ከዳር ግንብ ያለው ሕንፃ ነው። በዘመኑ ከተሠሩት የጀርመን ቤተ መንግሥቶች ትልቆቹ መካከል ይቆጠራል።

በሩ ላይ ይቁሙ። ከበላዩ የተቀረጹ ሁለት ሴቶች ይሳሳማሉ፤ አንዷ ሰላም፣ አንዷ ፍትሕ ናት። አብሮ የተጻፈው ሰላም እንደሚያበላ፣ ጠብ ግን እንደሚበላ ይናገራል። ፍሪደንስታይን የሚለው ስምም በጀርመንኛ «የሰላም ድንጋይ» እንደ ማለት ነው።

እዚህ ላይ ዝም ይበሉና እንግዳዎ ራሷ እስክታገኘው ይጠብቁ። መካነ ሰላም ማለት የሰላም ስፍራ ማለት ነው። ከሰላም ስፍራ ተነስታ የሰላም ድንጋይ ላይ ደርሳለች።

ስሙ ያለ ምክንያት አልወጣም። የቤተ መንግሥቱ ግንባታ በ1643 ሲጀመር ጀርመን በሠላሳ ዓመቱ ጦርነት ውስጥ ነበረች። ጦርነቱ ያበቃው በ1648 ነው። መንደሮች ተቃጥለዋል፤ ረኃብና ወረርሽኝ ሰዉን ጨርሶታል። አባ ጎርጎርዮስ የደረሱት ከአራት ዓመት በኋላ ነው፤ ቤተ መንግሥቱም ገና አላለቀም ነበር። እንግዳ የተቀበሉት ቁስሉ ባልሻረ አገር፣ ተሠርቶ ባላለቀ ቤት ውስጥ ነው።

«ቤቴ ጠባብ ነው፤ ሶፋው አርጅቷል፤ ምን ይዤ እንግዳ እጠራለሁ» የሚል ሰው ይህን ያስብ። መስፍን እንኳ አልጨረሰም ነበር።

አብሮ አደግዎ በዚህ በር ሥር ስለ ሰላም ስታወራ ወሬው ስለ ጀርመን ብቻ ላይሆን ይችላል። ያለፉት ዓመታት ለወሎ ሰው ቀላል አልነበሩም። ካወራች ይስሟት። ዝም ካለችም ዝምታዋን ያክብሩላት፤ ወደ ውስጥ ግቡ።

ውስጥ፦ ምን ታያላችሁ?

ሁሉንም ለማየት አትሞክሩ። ሦስት ነገር ይበቃል።

የመጀመሪያው ቤተ መጻሕፍቱ ነው። መስፍኑ ያቋቋሙት በ1647 ነው፤ አባ ጎርጎርዮስ ሲመጡ የአምስት ዓመት ልጅ ነበር ማለት ነው። ዛሬ የምርምር ቤተ መጻሕፍት ሆኖ በዚያው ሕንፃ ውስጥ ይሠራል። እንግዳዎ መምህርት ከሆነች ይህንም ይንገሯት፦ እኚሁ መስፍን በ1642 ባወጡት የትምህርት ደንብ ወንድም ሴትም ልጅ ትምህርት ቤት የመግባት ግዴታ ነበረበት።

ሁለተኛው በአንደኛው ግንብ ውስጥ ያለው የኤክሆፍ ቴአትር ቤት ነው። ከ17ኛው ክፍለ ዘመን የቀረው የእንጨት መሣሪያ ዛሬም ከመድረኩ ሥር አለ። ሰዎች ከታች ሲያሽከረክሩት በመድረኩ ግራና ቀኝ ያሉት ሥዕሎች በአንድ ጊዜ ይለዋወጣሉ፤ ጫካው ሄዶ ከተማው ይመጣል።

ሦስተኛው ሥዕሎቹ ናቸው። በ1979 ታኅሣሥ ላይ ሌቦች በሌሊት ገብተው አምስት የቆዩና ውድ ሥዕሎችን ሰረቁ። አገሩ ሁሉ ተተራመሰ፤ ሥዕሎቹ ግን ጠፉ። የተመለሱት ከ40 ዓመት በኋላ ነው። ከመቅደላ ከተወሰዱ ቅርሶቻችን ብዙዎቹ ዛሬም እንግሊዝ አገር ናቸው፤ ይህን የምታውቅ የወሎ ልጅ ሥዕሎቹ ፊት ቆማ የምትለው አይጠፋትም።

ምሳ፦ ቋሊማው ላይ ይጠንቀቁ

ከቤተ መንግሥቱ ወደ ከተማው ሲወርዱ በደረጃ በደረጃ የሚፈስ ውኃ አለ። ውኃው ከቱሪንገን ደን በቦይ ተጠልፎ የመጣ ነው፤ ቦዩ የተቆፈረው በ14ኛው ክፍለ ዘመን ነው። ከሥሩ የገበያው አደባባይና ቀዩ የከተማ አዳራሽ ይገኛሉ።

የአካባቢው ዝነኛ ምግብ በከሰል የሚጠበስ ቋሊማ ነው። ሽታው ከሩቅ ይጣራል። ነገር ግን አብዛኛው የአሳማ ሥጋ አለበት። ስለዚህ አስቀድመው ይጠይቁ፦ ረቡዕ ነው? ዓርብ ነው? እንግዳዎ ሙስሊም ናት? ወሎ ውስጥ ድግስ ያለበት ሰው የክርስቲያኑን ለብቻ፣ የእስላሙን ለብቻ አርዶ ሁሉንም ጎረቤት በአንድ ቀን ያስተናግዳል። እርስዎም በዚያ ደንብ ያደጉ ነዎት። አትክልት፣ ዓሣ ወይም የድንች ድብልብል ያለበት ምግብ ቤት ይፈልጉ። ድብልብሉ አንዳንዴ በቅቤ የተጠበሰ ዳቦ መሐሉ ስለሚደረግበት ለጾመኛ ይጠይቁላት።

እግረ መንገዳችንን፦ ለእርስዎ ብላ የምታመጣው በርበሬና ሽሮ ችግር የለበትም። ቅቤ፣ አይብና ቋንጣ ግን ወደ አውሮፓ ኅብረት አገሮች ይዞ መግባት ክልክል ነው። ሳትነሳ ይንገሯት፤ የእናቷ ቅቤ አውሮፕላን ማረፊያ ላይ ሲጣል ማየት ያሳዝናል።

ከሰዓት፦ አሁን የእርስዎ ተራ ነው፤ ይጠይቁ

ከምሳ በኋላ ወደ ቤተ መንግሥቱ መናፈሻ ተመልሳችሁ ዛፍ ሥር ተቀመጡ። የቀኑ ዋና ነገር ይህ ነው።

አባ ጎርጎርዮስ ጎታ ሲመጡ ሉዶልፍ ከማሳየት ይልቅ መጠየቅ ይበልጥበት ነበር። እምነታችሁ እንዴት ነው? ንጉሡ እንዴት ይነግሣል? ሕዝቡ ምን ይበላል? አራዊቱ ምንድን ናቸው? ይህን ቃል በግእዝ፣ ያንን በአማርኛ ምን ትሉታላችሁ? እሳቸው ይመልሳሉ፤ እሱ ይጽፋል። መስፍኑና ሰዎቻቸውም ጠየቁ። ከተለያዩም በኋላ በደብዳቤ መጠየቁ ቀጠለ።

ከዚያ የወጣውን ይመልከቱ። ሉዶልፍ በ1661 የግእዝ መዝገበ ቃላት አሳተመ። በ1681 የኢትዮጵያን ታሪክ በላቲን አወጣ፤ በሌሎች የአውሮፓ ቋንቋዎችም ተተረጎመ። በ1698 የአማርኛ ሰዋስውና መዝገበ ቃላት አሳተመ፤ የታተመ የአማርኛ ሰዋስው ሲኖር ይህ የመጀመሪያው ነው። ሉዶልፍ የኢትዮጵያን ምድር አንድ ቀን እንኳ አልረገጠም። አገራችንን ያየው በጓደኛው አፍ ነው።

እርስዎ መጽሐፍ ማሳተም አይጠበቅብዎትም። ግን ስልክዎን ከፎቶ ወደ ድምፅ መቅጃ ያዙሩትና ፈቃዷን ጠይቀው እንዲህ ይበሉ፦

ደንቆሮ ጫካን ሄደሽ አይተሻል? ከመካነ ሰላም ብዙም የማይርቀው የቦረና ሳይንት ወረሂመኖ ብሔራዊ ፓርክ ጥንተ ስሙ ይህ ነው። አስታው፣ ጅባራው፣ ጭላዳ ዝንጀሮው አሉበት። በዓለም ላይ ከ500 የማይበልጠው ቀይ ቀበሮም ከሚኖርባቸው ጥቂት ስፍራዎች አንዱ ነው። ልጆቻችሁን ወስዳችሁ አሳይታችኋል?

ጋስጫን ተሳልመሻል? «መጽሐፈ ምሥጢር»ን የደረሱት የአባ ጊዮርጊስ ገዳም በዚያው በቦረና በኩል ነው፤ በዓላቸውም ሐምሌ 7 ይከበራል። ሙስሊም ከሆነች ደግሞ አያቶቿ የት ዱዓ ያደርጉ እንደነበር፣ በቡና ጊዜ ምን እንደሚባል ይጠይቋት።

ቦረና፣ ለጋምቦ፣ ከላላ የሚሉት ስሞች ከኦሮሞ የመጡ መሆናቸውን ሽማግሌዎች እንዴት ያወሩታል? ያንቺ ዘር ስንት ቦታ ይደርሳል?

ከሁሉ በፊት ደግሞ፦ እናትሽ እንዴት ናቸው? ልጅሽ ምን ክፍል ደረሰ? አንቺስ ሌሊት ትተኛለሽ?

መጀመሪያ «ደህና ነን፣ እግዜር ይመስገን» ወይም «አልሐምዱሊላህ» ትላለች። ይህ መልስ አይደለም፤ ደጃፍ ነው። ትንሽ ይጠብቁ። ሁለተኛው መልስ ይመጣል። አቦል ላይ ሰው ሁሉ ደህና ነው፤ እውነተኛው ወሬ የሚመጣው ከቶና በኋላ መሆኑን እርስዎም ያውቁታል።

እሷም ትጠይቅዎታለች። ደመወዙ ይበቃሃል? ብቸኝነቱስ? አገርህ መቼ ትገባለህ? ሴትም ከሆኑ ወንድ ያው ነው፤ «ሁሉ ሰላም» ብለው አይሸፍኑ። እርስዎ ካልከፈቱ እሷም አትከፍትም። ጀርመን ያለ ሰው ሁሉ ተመችቶታል ብሎ የሚያስብ ቤተሰብ እውነቱን የሚሰማው እንዲህ ባለ ቀን ነው።

ማታ፦ መመለስ

ወደ ባቡሩ ስትመለሱ የታሪኩን መጨረሻ ይንገሯት። ጠዋት አይንገሯት፤ ቀኑን ያደበዝዘዋል።

አባ ጎርጎርዮስ አገራቸውን ዳግመኛ አላዩም። በ1658 ወደ ኢትዮጵያ ለመመለስ ተነሱ። የተሳፈሩባት መርከብ ዛሬ ኢስከንድሩን በሚባለው የቱርክ ጠረፍ አጠገብ ሰጠመች፤ እሳቸውም አብረው ሞቱ። ሉዶልፍ ከዚያ በኋላ 46 ዓመት ኖረ። የአማርኛው ሰዋስው ሲታተም ጓደኛው ከሞቱ 40 ዓመት ሆኗቸው ነበር፤ እሱም የ74 ዓመት ሽማግሌ ነበር። በዚያች በጋ የጻፈውን ዕድሜውን ሙሉ ሲሠራበት ኖረ።

የእርስዎ እንግዳ በአውሮፕላን በሰላም ትገባለች። ከአዲስ አበባ ደሴ፣ ከደሴ መካነ ሰላም ትደርሳለች። ሆኖም ሁለታችሁም ታውቁታላችሁ፤ ቪዛው፣ ትኬቱ፣ የአገሩ ሁኔታ ተደማምሮ ሁለተኛ እንዲህ መገናኘታችሁ መቼ እንደሆነ አይታወቅም። ለዚህ ነው ያችን አንድ ቀን ለሱቅ መስኮት መስጠት የሚያሳስበው።

ቤት ስትገቡ ቡና ያፍሉ። ፈንዲሻ ከሌለ የተረፈው ዳቦ ቆሎ ይበቃል። በረካው እስኪደርስ አትነሱ። ከዚያ የቀን ቅጂውን አንድ ጊዜ አብራችሁ አዳምጡትና ለእሷም ይላኩላት፤ ልጆቿ የእናታቸውን ድምፅ ስለ አገራቸው ሲያወራ ይስሙት።

ከዚያ ሳትጠይቋት የቀረውን አንድ ጥያቄ ወረቀት ላይ ይጻፉና ማቀዝቀዣው በር ላይ ይለጥፉት። አገሯ በገባች በመጀመሪያው እሑድ ይደውሉና ከእሱ ይጀምሩ።